በሳብያ የሐበሻ ምግብ ቤት ጉዳይ የጣዕም ጉዳይ አይደለም

ከሳዑዲ ዓረቢያዋ ጂዛንና ከአጎራባች የድንበር ከተሞች የተመለሱ ወገኖች በተሰበሰቡበት ጨዋታ ሁሉ አንድ ጥያቄ አይቀርም። ሳብያም ሆነች አቡ አሪሽ፣ ሳምጣም ሆነች አሐድ አል መሳሪሐ፣ በእርሻውም በግንባታውም በየሰው ቤቱም ሐበሻ አለባቸው። የመናዊው የመንዲ ቤት ከፍቷል፣ ሕንዳዊው ቡፊያ የሚሉትን ሻይ ቤት ይዟል፣ አፍጋኑ ከምድጃው ፊት ቆሞ ታሚስ ዳቦውን ይሸጣል። የእኛ ሰው ምነው እንጀራውን ይዞ አደባባይ መውጣት አቃተው? መልሱ ቶሎ ይመጣል። አንዱ «መተባበር አናውቅም» ይላል። ሌላው «ምግባችንን ዓረብ አይበላውም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «እኛ እንግዳ ማብላት እንጂ ምግብ መሸጥ አልለመድንም» ብሎ ያሳርጋል። ሦስቱም መልሶች የተሳሳቱ ይመስሉኛል። ስሕተቱም ቀላል አይደለም፤ በሕግና በወረቀት የተዘጋን በር በወገኖቻችን ጠባይ ላይ ያላክካልና።

እኔ የምለው ይህ ነው። ተራ ሰው የሚበላበት ርካሽ ምግብ ቤት የስደተኛው የሙያና የጣዕም ውጤት ከመሆኑ በፊት የመኖሪያ ፈቃዱ ውጤት ነው። ስደተኛ በሚኖርበት አገር ሕግ በአደባባይ መቆም ሲፈቀድለት ምጣዱን መንገድ ዳር ይጥዳል። ሳይፈቀድለት ሲቀር ምጣዱ ወደ ጓዳ ይገባል። በሳብያ የሆነውም ይኸው ነው። የሐበሻ ምግብ በከተማዋ ይበላል፤ የሳሳው በሩን ከፍቶ፣ ስሙን ጽፎ፣ ዋጋውን ለጥፎ የሚሸጥበት ቤት ነው። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው ስለ ጂዛን ስደተኞች የሚሰጠው ምክር ሁሉ መሬት አይነካም።

ሳብያ ምን ትበላለች?

«ዓረብ አይበላውም» ከሚለው እንጀምር፤ እሱ ቶሎ ይወድቃል። ሳብያ ከጂዛን ከተማ በስተሰሜን በቲሃማ ሜዳ ላይ ያለች ጥንታዊ የገበያ ከተማ ናት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መሐመድ ኢብን ዓሊ አል ኢድሪሲ ላቆመው አሚርነት መናገሻ ሆና ነበር፤ የማክሰኞ ገበያዋም ስመ ጥር ነው። ዙሪያዋ ሞቃት ቆላ ነው፤ ማሽላ ይበቅልበታል፣ ማንጎና ሙዝ ይለማበታል። ከከሚሴ፣ ከራያ ወይም ከሐረርጌ ቆላ ተነሥቶ በኦቦክ በኩል ባሕሩን የተሻገረ ወጣት፣ የየመንን መከራ አልፎ እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ የሚያየው አዝመራ አባቱ ማሳ ላይ የተወው ነው።

ገበታውም እንደ አዝመራው ቅርብ ነው። የጂዛን ሰው ላሑሕ የሚለው ቂጣ ሊጡ ቦክቶ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ተጋግሮ፣ ፊቱ ዓይን በዓይን ሆኖ ይወጣል። ከእንጀራ አነስና ወፈር ይላል እንጂ አሠራሩ ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም። ማርሳ የሚሉት ደግሞ ትኩስ ቂጣ ከበሰለ ሙዝ ጋር ታሽቶ በቅቤና በማር የሚቀርብ ነው፤ ጨጨብሳ በልቶ ያደገ ሰው ሁለተኛ ጉርሻው ላይ ይለምደዋል። ከድንበሩ ማዶ ካለው የየመን ገበታ የመጣው ሑልባ፣ አብሹ ተመቶ አረፋ እስኪያወጣ የሚሠራው፣ በሐረር ከተማ ቤቶች ከሚሠራው ሑልበት መረቅ ጋር ዘመድ ነው። በቲማቲምና በቃሪያ የሚፈጨው ሰሐዊቅም ዳጣ ለለመደ ምላስ ባዕድ አይሆንም።

ከሁሉም ሙገሽን ልብ ማለት ይገባል። ሙገሽ የአካባቢው ሰው የሚኮራበት ምግብ ነው። ከድንጋይ ተጠርቦ በተሠራ ጥልቅ ድስት ውስጥ የበግ ወይም የጥጃ ሥጋ፣ ባሚያ፣ ድንች፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ይገባል፤ ሁመር ጎምዘዝ ያደርገዋል። ከዚያ ድስቱ ሚፋ ወደሚሉት የሸክላ ምድጃ ይወርድና አፉ ይታፈናል። ከሰዓታት በኋላ ሲወጣ ድንጋዩ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ፣ ገበታው ላይ ቀርቦ እንኳ መረቁ እየተንተከተከ ነው። የሚበላው በዳቦ እየተቆረሰ፣ በእጅ፣ ከአንድ ዕቃ ነው። ሥጋና መረቅን ከአንድ ትሪ በጋራ፣ በእጅ፣ በቦካ ቂጣ የሚበላ ሕዝብ ከእኛ ገበታ ፊት ቢቀርብ የሚያስደነግጠው ነገር ምንድን ነው? የዳሞትና የጎንደር ቀይ ወጥ በርበሬው ይከብደው ይሆናል። ያም ቢሆን ጊዜ የሚፈታው ነገር ነው። ባለ ምግብ ቤት ማለት ገበያተኛውን አይቶ ቅመሙን የሚያመጣጥን ሰው ነውና።

የተራው ሰው የዕለት ገበታም እንዲሁ ክፍት ነው። ጠዋት በየቡፊያው መስኮት ላይ የአደን ሻይ በወተትና በሄል ይቀዳል፣ የእንቁላል ሳንዱች ይጠቀለላል። ፉል በታሚስ ይበላል። ቀትር ላይ መንዲና ሐኒዝ የሚሉት ሥጋ ሩዝ ላይ ይዘረገፋል፣ ደንበኛው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ይቆርሳል። ማታ ሻወርማና ሙጠበቅ ይመጣል። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሳብያ ተወላጆች አይደሉም፤ ከየመን፣ ከሕንድ፣ ከአፍጋኒስታንና ከሻም በስደተኛ እጅ የመጡ ናቸው። ከተማዋ የውጭ ሰው ምግብ በመብላት አትታማም። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ሌላ ይዞራል፤ እነዚያ እንዴት ገቡ?

የመናዊው በምን ቀደመን?

ጂዛን የሳዑዲ መሆኗ በውል የጸናው እ.ኤ.አ. በ1934 በጣኢፍ ስምምነት ነው። ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የመናውያን ከሌላው የውጭ ዜጋ የተለየ መብት ነበራቸው። ያለ ከፊል (ያለ ስፖንሰር) መግባት፣ መሥራት፣ ሱቅና ምግብ ቤት መክፈት ይችሉ ነበር። ከሐድረመውት የመጣው መንዲ በሳዑዲ ጎዳናዎች የነገሠው በዚያ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የባሕረ ሰላጤው ቀውስ ሲነሣ፣ የሰንዓ መንግሥት ከያዘው አቋም የተነሣ ሪያድ ያንን መብት ሰረዘች፤ ወደ 800 ሺሕ የሚጠጉ የመናውያንም አገሪቱን ለቀቁ። ሰዎቹ ቢወጡም ምግባቸው የአገሩ ምግብ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ መንዲ የሚበላ የሳብያ ወጣት የባዕድ ምግብ እየበላ መሆኑ ትዝ የሚለው አይመስለኝም። ያንን ያስገኘው በአደባባይ የመቆም ሃምሳ ስድሳ ዓመት ነው።

አሁን ደግሞ የእኛኑ ሰው በሌላ ሕግ ሥር እንየው። በዋሽንግተን ማማ ደስታ የተባለው የሐበሻ ምግብ ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነበር። ሁለት ዓመት ሳይቆይ በ1980 አሜሪካ የስደተኞችን ሕግ አወጣች። ከደርግ የሸሹ ወገኖች በዚያ ሕግ ገብተው ቋሚ መኖሪያ አገኙ፣ ቤት ተከራዩ፣ ከባንክ ተበደሩ፣ የንግድ ፈቃድ አወጡ። በአዳምስ ሞርጋን ሠፈር፣ በኋላም በሌሎች ሠፈሮችና በአጎራባች ከተሞች፣ አሜሪካኖች በእጃቸው እንጀራ መቁረስ የተማሩት በእነዚህ ቤቶች ነው። እዚያ ምግብ ቤት የከፈቱት ሁሉ በአገራቸው ነጋዴ የነበሩ አልነበሩም። ተማሪ ነበሩ፣ የቢሮ ሠራተኛ ነበሩ፣ የቤት እመቤት ነበሩ። ዋሽንግተን ላይ የተባበረ ሕዝብ ሳብያ ሲደርስ መተባበር የሚያቅተው በምን ምክንያት ነው? ሕዝቡ አንድ ነው፤ የተለወጠው በኪሱ ያለው ወረቀት ነው።

«ምግብ መሸጥ ባህላችን አይደለም» ለሚለውም መልሱ ከራሳችን ታሪክ አይርቅም። የጣይቱ ሆቴል በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲቆም፣ ከፍሎ መብላት ለመኳንንቱ እንግዳ ነገር እንደነበረና ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው እየጋበዙ እንዳለማመዱ ይነገራል። ነውሩ እውነት ነበር፤ ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። ዛሬ ከመርካቶ እስከ ቃሊቲ፣ ከባሕር ዳር እስከ ደሴ መናኸሪያ፣ ሽሮ በጣባ፣ ጥብስ በሸክላ፣ ፓስታ በእንጀራ የማይሸጥበት ቅያስ የት አለ? ኮምቦልቻ አፋፍ ላይ ለሹፌርና ለረዳት ክትፎና ቁርጥ የምታቀርብ እህት ጂዛን ስትደርስ ሙያዋን አውልቃ አትጥለውም።

ኢቃማው የሚፈቅደውና የማይፈቅደው

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሕጋዊ መንገድ ወደ ሳዑዲ የሄደች አብዛኛዋ ኢትዮጵያዊት የሄደችው ለቤት ሠራተኝነት ነው። ወንዱ፣ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ካለው፣ ሹፌር ወይም እረኛ ወይም የእርሻ ሠራተኛ ነው። በሳዑዲ ሕግ የውጭ ዜጋ ከአሠሪው ውጭ ለሌላ ሰው ወይም ለራሱ መሥራት አይፈቀድለትም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ሳዑዲ የከፊል ሥርዓቷን አላላሁ ስትል የግል ዘርፍ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር መንገድ ከፍታለች። ከዚያ ማሻሻያ ውጭ የቀሩት የቤት ሠራተኞች፣ ሹፌሮች፣ እረኞች፣ አትክልተኞችና የእርሻ ሠራተኞች ናቸው። ዝርዝሩን ደግመው ያንብቡት። በሳብያ ዙሪያ ያለው ኢቃማ ያለው ሐበሻ የሚሠራውን ሥራ አንድ በአንድ የቆጠረ ይመስላል።

«ታዲያ በሳዑዲያዊ ስም ይክፈቱ» የሚል አለ። ይህ ድሮ የተለመደ ነበር፤ ሳዑዲያዊው ስሙን ያከራያል፣ የውጭ ዜጋው ይሠራል፣ በወር የተወሰነ ይከፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የሽፋን ንግድን የሚከለክል ሕግ ይህን እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ አምስት ሚሊዮን ሪያል በሚደርስ ቅጣት ዘግቶታል። በራስ ስም መክፈትስ? የውጭ ባለሀብት ፈቃድ አለ፤ እሱ ግን የካፒታል ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ ለቋሚው 800 ሺሕ ሪያል፣ ለዓመታዊው 100 ሺሕ ሪያል ይጠይቅ ነበር። በወር 1 ሺሕ ሪያል የምታገኝ የቤት ሠራተኛ ለአንድ ዓመቱ ፈቃድ ብቻ ሳትበላና ለቤተሰቧ ሳትልክ ከስምንት ዓመት በላይ ማጠራቀም ሊኖርባት ነው። ፈቃድ ያለው ንግድ ቢሆን እንኳ ከ2020 ጀምሮ በአንድ የውጭ ሠራተኛ በወር እስከ 800 ሪያል የሚደርስ ግብር ሊጠየቅ ይችል ነበር። ሽሮና ፍርፍር ሽጦ ይህን የሚሸፍን ቤት ማግኘት ከባድ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ኢቃማ ላለው ነው። በባሕር የገባውስ? የእሱ ነገር ከንግድ ፈቃድ አልፎ ከወንጀል ይቆጠራል። ድንበር ጥሶ የገባን ሰው ያጓጓዘ፣ ያስጠለለ ወይም የረዳ ሰው እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ አንድ ሚሊዮን ሪያል ቅጣት፣ መኪናውንና ቤቱን እስከ መወረስ እንደሚደርስበት የሳዑዲ ባለሥልጣናት ደጋግመው ያስታውቃሉ። ኢቃማ ለሌለው ደንበኛ ወንበር ስቦ «ተቀመጥ» ማለት በጂዛን እንዲህ ያለ አደጋ አለው። የአገሪቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በየሳምንቱ በሚያወጣው መግለጫም ድንበር ሲሻገሩ ከተያዙት መካከል አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያንና የመናውያን ናቸው።

ስለዚህ ምጣዱ ጓዳ ገባ። እንዲህ ያለው ቤት እንዴት እንደሚሠራ ሳዑዲ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል አለ፤ መስኮቱ በካርቶን ተሸፍኗል፣ ሽታው እንዳይወጣ ከበሩ ሥር ጨርቅ ተወትፏል። በጋዝ ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያክል ሰፊ መጥበሻ ተጥዷል። ጤፍ ካለ ጤፍ፣ ከሌለ ስንዴ ከማሽላ ጋር ይቦካል፤ ሙቀቱ ብርቱ ስለሆነ ሊጡ ባንድ ቀን ይደርሳል። ትእዛዝ የሚመጣው በኢሞ የድምፅ መልእክት ነው፤ «እታለም፣ ለዓርብ ሦስት ሰው» ይባላል። ምግቡ በፌስታል ታስሮ፣ በሌላ ፌስታል ተደርቦ፣ ሌላ ዕቃ መስሎ ይወጣል። ዓርብ ቀን ሥራ ፈት የሆኑ ጥቂት ሰዎች ጫማቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይበላሉ። ጫማ ደጅ ላይ ከተደረደረ ውስጥ ሰው መብዛቱ ይታወቃላ!

የዚህ አሠራር ጉዳቱ ከሚታሰበው በላይ ነው። ያቺ ሴት ደንበኛ በልቶ ሳይከፍል ቢሄድ የምትከስሰው የለም። አከራዩ የቤቱን ኪራይ ድንገት እጥፍ ቢያደርግባት አቤት የምትልበት የለም። ጎረቤት «ለሹርጣ (ለፖሊስ) እደውላለሁ» ብሎ ገንዘብ ቢጠይቃት ትከፍላለች። ሌባ ቢገባባትም ዝም ትላለች። መስኮቱ የታሸገ ክፍል ውስጥ በጋዝ ስትሠራ የምትጋፈጠው የእሳትና የመታፈን አደጋ ደግሞ ለብቻው ነው። ምግቡን የሚበላውም የንጽሕና ቁጥጥር ያላየውን ይበላል። ሴትዮዋ ንጽሕና ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ባለዲያው (ማዘጋጃ ቤቱ) የጤና ካርድ የሚሰጠው በሕግ ለሚያውቀው ሠራተኛ ነው።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። ከሳብያ በስተምሥራቅ ያሉት የፈይፋና የዳዪር ተራሮች ቡና ያበቅላሉ። የኸውላኒ ቡናን የማልማት ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ የሳዑዲ መንግሥት በዚህ ይኮራል፣ መኩራቱም ተገቢ ነው። የቡና ገለባውን ቀቅሎ በቅመም መጠጣት በዚያም አለ፣ በሐረርም አለ። በዚያው በዳዪር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በአስከፊ ሁኔታ ታስረው እንደነበር የሰብአዊ መብት ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች ዘግቧል። ያ የቡና ተራራና ያ እስር ቤት በአንድ አውራጃ ውስጥ መሆናቸው ያመኛል።

«ተደብቆ መብላቱ ይሻላል» ለሚሉ

ከሁሉም ተቃራኒ ሐሳቦች የምፈራውና የማከብረው ይህንን ነው። የሚሉትም ብዙ ዓመት እዚያ የኖሩ ሰዎች ናቸው። «አንተ አገር ቤት ተቀምጠህ ነው ምልክት ስቀሉ የምትለን፤ ምልክት ማለት ሹርጣን መጥራት ነው» ይላሉ። ማስረጃ አላቸው። በሪያድ የመንፉሓ ሠፈር ሐበሻ በገሃድ የሚኖርበት፣ ሱቅና ምግብ ቤት ያለበት ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ኢቃማ ለሌላቸው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ አፈሳ ሲጀመር ግጭት የተነሣው፣ የሰው ሕይወትም የጠፋው እዚያው ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ተባረሩ። በ2017 ሌላ ዘመቻ መጣ። በ2022 እንደገና 100 ሺሕ ያህል ዜጎችን የመመለስ ስምምነት ተደረገ። በየዘመቻው መጀመሪያ የሚታየው ቤት መጀመሪያ ይመታል። የጓዳ ምግብ ቤት ቢያንስ በአንድ ሌሊት ተነሥቶ ሌላ ሠፈር መግባት ይችላል።

ይህ ክርክር ኢቃማ ለሌለው ሰው ልክ ነው፤ ለአንድም ሰው «ውጣና ሽጥ» ብዬ አልመክርም። ነገር ግን ክርክሩ የሚነግረን ዛሬ እንዴት መትረፍ እንደሚቻል ነው። ኑሮው ለምን እንዲህ ሆኖ መቀጠል እንዳለበት አይነግረንም። ተደብቆ መኖርን እንደ ብልኃት እያወደስን ስንኖር፣ ያቺ ሴት በሕግ ልታገኝ የምትችለውን እንዳንጠይቅላት አፋችንን እንይዛለን። የሳዑዲን ወገን ክርክርም ማድመጥ አለብን። ማንኛውም መንግሥት ድንበሩን የመጠበቅ፣ ምግብ የሚሸጥን ቤት የመቆጣጠር፣ ግብር የመሰብሰብ መብት አለው። አዲስ አበባም ያለ ፈቃድ የከፈተን ታሽጋለች። እኔ የምቃወመው ቁጥጥሩን ሳይሆን፣ ለቤት ሠራተኛና ለእርሻ ሠራተኛ ወደ ሕጋዊው ቤት የሚያስገባ አንድ ደረጃ እንኳ አለመኖሩን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። «ሰው ድንበር ላይ እየሞተ ስለ ምግብ ቤት ታወራለህ?» ይባላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን የሚሻገሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ብሏል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። ይህን የሰማ ሰው ስለ መንዲና ስለ ሽሮ መስማት ቢያስጠላው አልፈርድበትም። ነገር ግን በስደት አገር ያለ ተራ ምግብ ቤት ሆድ የሚሞላበት ብቻ አይደለም። አዲስ የመጣ ሰው ሥራ የሚጠይቀው እዚያ ነው። የትኛው አሠሪ ደመወዝ እንደሚከለክል፣ የትኛው ደላላ ሰው እንደሚሸጥ የሚሰማው እዚያ ነው። ሰው ሲሞት አስከሬን ለመላክ መዋጮ የሚሰበሰበው፣ የታመመ ሲኖር የሚነገረው እዚያ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ የሚመጣ ልጅ ሁለት ዓርብ ሲቀር «የት ደረሰ?» የሚል ሰው የሚገኘውም እዚያ ነው። ድንበር ላይ ለጠፋ ልጅ ቤተሰቦቹ የመጨረሻውን ወሬ የሚያገኙት ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው። ይህ ቦታ ጓዳ ሲገባ ወሬውም መዋጮውም ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይገባል፤ የሚያዳርሰውም የሚተዋወቁትን ጥቂት ሰዎች ብቻ ይሆናል። የቀረውን ክፍት ቦታ ደላላው ይዞታል።

ታዲያ ከማን ምን ይጠበቃል?

የመጀመሪያው ድርሻ የአዲስ አበባ ነው። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2013 የዘጋውን የመካከለኛው ምሥራቅ የሥራ ጉዞ በ2018 ሲከፍት፣ በ2017 ከሳዑዲ ጋር የተፈረመው ስምምነት ያተኮረው በቤት ሠራተኞች ላይ ነበር። የቤት ሠራተኛ መላክ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ጠያቂው ብዙ ነው፣ ሥልጠናው አጭር ነው። ግን ያ ፈርጅ በሳዑዲ የሥራ ሕግ ከተሰጡት መብቶች አብዛኛው የማይደርሰው ፈርጅ ነው። ምግብ አዘጋጅ፣ ዳቦ ጋጋሪና አስተናጋጅ ሆኖ በምግብ ቤት ስም የሚቀጠር ሰው ግን የግል ዘርፍ ሠራተኛ ነው። የሥራ ሰዓቱ በሕግ ይለካል፣ ከመጥፎ አሠሪ ወደ ሌላ መዛወር ይችላል፣ የጤና ካርድ ይይዛል፣ በፊት ለፊት በር ወጥቶ ይገባል። የአዲስ አበባው የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩትና በየክልሉ ያሉ የሙያ ኮሌጆች ለአሥርት ዓመታት ምግብ አዘጋጅ ሲያስመርቁ ኖረዋል። ባለሙያው አለን። የሳዑዲ ሕግም አንድ ሳዑዲያዊ ባለ ምግብ ቤት ከውጭ ምግብ አዘጋጅ ቀጥሮ እንዳያሠራ አይከለክልም፤ ቤቱ በእውነት የራሱ እስከሆነ ድረስ የሽፋን ንግድ አይባልም። ይህ በር ጠባብ ነው፣ ግን ሳይዘጋ የቀረ በር ነው።

ይህን ስል ሁሉም ነገር እንደማይፈታ አውቃለሁ። ኢቃማ የሌለው ወጣት በዚህ አይጠቀምም፤ ለእሱ መልሱ አገሩ ላይ ሥራ ማግኘቱ ነው፣ እሱም የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ሳዑዲያዊው ባለቤት ትርፉን ይወስዳል፣ ሐበሻው ተቀጣሪ ሆኖ ይቀራል የሚል ቅሬታም ይነሣል፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በሕግ የሚታወቅ ተቀጣሪ ሆኖ በገሃድ መጋገር፣ ባለቤት ተብሎ በታሸገ ክፍል ከመታፈን ይሻላል ብዬ እፈርዳለሁ። የሳብያ ሰው እንጀራን በገሃድ ቀምሶ ከለመደ በኋላ የሚመጣው ደረጃ ከመንዲው ታሪክ መገመት ይቻላል።

ሁለተኛው ድርሻ ጅዳ ያለው የቆንስላችን ነው። ጂዛን ከጅዳ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ለፓስፖርት እድሳት ያንን መንገድ መሄድ ለቤት ሠራተኛ የማይታሰብ ነው፤ አሠሪዋ አትለቃትም፣ ኢቃማ የሌለው ደግሞ በመንገዱ ኬላዎች አያልፍም። የቆንስላ ሠራተኞች በተወሰነ ጊዜ እየተዘዋወሩ ወደ ጂዛን ወርደው እንዲያገለግሉ፣ በዚያውም የአካባቢውን የንግድ ምክር ቤት አግኝተው ምግብ አዘጋጆቻችንን ለሚፈልግ ባለሀብት እንዲያስተዋውቁ መጠየቅ የተጋነነ ጥያቄ አይደለም።

ለእናንተ፣ እዚያ ልጅና እህት ላላችሁ አንባቢዎችም አንድ ቃል አለኝ። «ሌላው ነግዶ ሲከብር አንቺ ምነው ሰው ቤት ቀረሽ?» ብላችሁ አትጠይቋት። ኢቃማዋ ላይ የተጻፈው የሥራ መደብ ምን እንደሚልና ምን እንደሚፈቅድላት ጠይቋት። ለመሄድ የተዘጋጀ ካለ ደግሞ ውሉን ከመፈረሙ በፊት የሥራ መደቡን አንብቡለት። የሥራና የክህሎት ኃላፊዎቻችንም ቀጣዩን ስምምነት ይዘው ሪያድ ሲገቡ «የቤት ሠራተኛ» ከሚለው መስመር ቀጥሎ «ምግብ አዘጋጅ» የሚለውን ይጻፉ።